ከወረንጦ እስከ ሌዘር

እህቶቼ፣ ስለ አገጭ ፀጉር በግልጽ ማውራት ያሳፍራል። እኔም ለዓመታት ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ በወረንጦ ስነቅል ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ዓመት ግን ደፈርኩና በአንድ የውበት ሳሎን የስድስት ዙር የሌዘር ክፍያ አስቀድሜ ከፈልኩ። በሁለተኛው ዙር አገጬ ተቃጠለ፤ ቁስሉ ሲድንም ጥቁር ምልክት ትቶ ወራት ቆየ። የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ደረሰኝ ሳላገላብጥ ብር አላወጣም። ለገዛ ፊቴ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። ታሪኩን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በኤሌክትሪክ ፀጉር ማስወገድ የተጀመረው ለውበት ሳይሆን ለዓይን ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1875 በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማ የዓይን ሐኪም የነበረው ቻርልስ ሚሼል፣ ወደ ውስጥ እየበቀለ ዓይን የሚወጋን ሽፋሽፍት በኤሌክትሪክ መርፌ ከሥሩ ማጥፋት እንደሚቻል አሳወቀ። ትራኮማ ባለበት አገር ያደገች ሁሉ ይህን ሕመም ታውቀዋለች፤ የእኛ አያቶች ግን የነበራቸው ወረንጦ ብቻ ነው። መርፌው ዛሬም ይሠራበታል፤ አንድ በአንድ ስለሆነ ግን ትዕግሥት ይጨርሳል።

ቀጥሎ የመጣው አሳዛኝ ነው። በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ አልበርት ጋይዘር የተባለ ሐኪም «ትሪኮ» የሚባል የራጅ መሣሪያ ለውበት ሳሎኖች አሰራጨ። አያምም፣ ፀጉሩም ይረግፋል። ብዙ ሴቶች ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ቆዳቸው ተሸበሸበ፣ ቆሰለ፤ ካንሰር የያዛቸውም ነበሩ። ይህን ሳነብ «አያምም» የሚለውን ማስታወቂያ ሁለተኛ ላላምን ወሰንኩ።

ሌዘር የተሠራው በ1960 ነው፤ ቴዎዶር ማይማን በካሊፎርኒያ ከሩቢ ክሪስታል የመጀመሪያውን ብርሃን አወጣ። ብዙም ሳይቆይ በሲንሲናቲ የቆዳ ሐኪሙ ሊዮን ጎልድማን ይህ ብርሃን ጥቁር ነገርን ለይቶ እንደሚመታ አየ። በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ ምክንያቱን አብራሩ፦ ለፀጉር ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃኑን ይውጣል፣ ይግላል፣ የፀጉሩን ሥር ያቃጥላል። የብርሃኑ ዓይነትና የሚበራበት ቅጽበት ከተመጠነ ዙሪያው ያለው ቆዳ ይተርፋል።

የእኔ መቃጠል ምሥጢርም እዚሁ ላይ ነው። ሜላኒን በፀጉር ብቻ ሳይሆን በቆዳችንም ውስጥ አለ። የሩቢ ሌዘር 694 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አለው፤ የሚስማማው ነጭ ቆዳና ጥቁር ፀጉር ላላት ሴት ነው። በእኛ ላይ ግን ፀጉሩ ጋ ሳይደርስ ቆዳውን ያገኛል። 755 የሆነው አሌክሳንድራይትም ለጥቁር ቆዳ ያሰጋል። ኤንዲ ያግ የሚባለው 1064 ግን በሜላኒን ብዙም ሳይያዝ ጠልቆ ስለሚገባ፣ ለጠቆረ ቆዳ ከሌሎቹ ይልቅ የሚመረጠው እሱ ነው። እኔ የትኛው መሣሪያ እንደተተኮሰብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሳሎኑም ሊነግረኝ አልቻለም።

አሁን ወደ ቆዳ ሐኪም እሄዳለሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ወር አበባዬ ነው፤ የአገጭ ፀጉር አንዳንዴ የሆርሞን ችግር ምልክት ስለሆነ። ከዚያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራ ቆየች። ከሕክምናው በፊት ባሉት ሳምንታት መላጨት ይቻላል፣ መንቀል ግን ክልክል ነው፤ ሥሩ ከሌለ ብርሃኑ የሚይዘው ነገር የለም። ሲተኮስ የተለጠጠ ላስቲክ እንደሚመታ ያህል ይቆነጥጣል፤ ትንሽ ይቀላል፣ ያብጣል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሰክናል። ፀሐይ መጠንቀቅ ግዴታ ነው። ፀጉሩ የሚረግፈው በቀጣዮቹ ሳምንታት ነው። ሁሉም ፀጉር በአንድ ጊዜ ስለማያድግ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንት ልዩነት ስድስት ዙርና ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ሽበት አይሠራለትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ቢሆን አምራቾች «በዘላቂነት ይቀንሳል» እንዲሉ እንጂ «ለዘላለም ያጠፋል» እንዲሉ አይፈቅድም።

ሦስተኛውን ዙር ጨርሻለሁ። ጥቂት ፀጉሮች አሁንም አሉ። ወረንጦዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አልጣልኩትም።