«አንድ» የት ነው? የቮልስ ሞተርና የእኛ ክርክር

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስዋገን ስትነሳ ሁላችንም ወሬያችን ፖለቲካው ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪናዋ፣ በተለይም ስለ ሞተሯ እናውራ። ለክርክራችንም የሚሆን ትምህርት አለው።

ቮልስን የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ። የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ተጋድመዋል።

የእንዲህ ዓይነት አሮጌ ሞተር ታይሚንግ የሚያስተካክል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አንደኛው ሲሊንደር የቱ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ግን እንደ አገሩና እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ጣልያኖቹ የፊያት 124ን ሞተር የሚቆጥሩት ቺንጊያው ካለበት ከፊት ነው። ፈረንሳዮቹ ደግሞ በፔዦ 404 ከካምቢዮው በኩል ይጀምራሉ። ሁለቱም ሞተሮች አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር የደረደሩ ናቸው፤ የሁለቱም የእሳት ተራ 1-3-4-2 ነው።

አስገራሚው ነገር ይህ ነው፦ ይህን ተራ ከተቃራኒው ጫፍ ቆጥራችሁ አንዱን አራት፣ ሁለቱን ሦስት ብትሉት ዞሮ ያው 1-3-4-2 ይሆናል። ወረቀት ላይ ሞክሩት። ስለዚህ በፔዦ ላይ መነሻውን የሳተ መካኒክ ስህተቱን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። ሞተሩ ይነሳለታል፤ እሱም ትክክል የሆነ ይመስለዋል።

ቮልስ ግን እንዲህ አትምርም። የእሷ አንደኛ በቀኝ ወደ መኪናዋ ፊት ያለው ነው። ከኋላው ሁለተኛው፤ በግራ ደግሞ ከፊት ሦስተኛው፣ ከኋላ አራተኛው። የእሳት ተራዋ 1-4-3-2 ነው። ሌላ መኪና የለመደው መካኒክ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ፣ ፑሊው አጠገብ ያለውን በልማዱ «አንድ» ካለው፣ የያዘው ሁለተኛውን ነው። ከዚያ ተነስቶ የካንዴላውን ገመዶች ቢያስር ሁለተኛውና አራተኛው እሳታቸውን በጊዜው ያገኛሉ፤ የአንደኛውና የሦስተኛው ግን ይለዋወጣል። ሞተሩ በግማሽ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ በካርቡራተሩም ይተኩሳል። መካኒኩም ካርቡራተሩን ይፈታል፣ ካንዴላ ይቀይራል። የተበላሸ ዕቃ የለም፤ የተሳሳተው መነሻው ነው።

ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ብቻውን አያድንም። አንደኛውና ሦስተኛው ፒስተን እኩል ጫፍ ስለሚደርሱ ምልክቱ ለሁለቱም ይመጣል። ለዚህ ነው ሠሪዎቹ በዲስትሪቢዩተሩ ከንፈር ላይ ትንሽ ጭረት ያደረጉት፤ የውስጡ መዘውር ወደዚያ ጭረት ሲያይ ተራው የአንደኛው ነው።

ይህን ሳስብ የኢትዮጵያ ታሪክ «ሦስት ሺህ ዘመን ነው»፣ «የለም፣ መቶ ዓመት ነው» የሚለው ሙግታችን ትዝ ይለኛል። ሁለቱም ወገን ይቆጥራል፤ ግን ማን ከምን እንደሚቆጥር፣ ከመንግሥት ይሁን ከድንበር ወይስ ከሕዝብ፣ አስቀድሞ የሚናገር ጥቂት ነው። እንደ ፔዦው ሞተር መነሻችን ቢለያይም ድምሩ አንድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንደ ቮልሷ ሲሆን ግን እርስ በርስ እንተኳኮሳለን፤ ከዚያም ደህናውን ዕቃ እንፈታለን።

ብሎን ከመፍታታችን በፊት «አንድ» የት እንደሆነ እንጠያየቅ።