ከክቡ የተገፉት የሠሩት ሰፈር

በቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች አቋቋማቸው ያስታውቃል። አውራጁ መሀል ይገባል፤ ተቀባዮቹ ከበውት መሬቱን በዱላ እየመቱ ይቀበላሉ። በትግራይ ከበሮ ይዘው ክብ ሠርተው ይዞራሉ። ሲዳማ በፍቼ ጨምበላላ ቄጣላውን በኅብረት ይወጣል። ሰርቦች ደግሞ ኮሎ አላቸው። ስሙ ከእኛው ቆሎ ጋር ቢመሳሰልም ትርጉሙ መንኮራኩር ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጨፍሩታል። ዩኔስኮ ፍቼ ጨምበላላን በ2015፣ ኮሎን በ2017 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቧል።

ሁሉም የአብሮነት ምልክት ተብለው ይወደሳሉ። ክብ ግን ውስጥ ብቻ ሳይሆን ውጭም አለው።

ዘነበወርቅ በውጭ የቀሩት ሰዎች ታሪክ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ በከተማው ዳር ከተሠራውና በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። ሕመሙ እንደ እርግማን ወይም እንደ ዘር በሽታ ይታይ ስለነበር ታማሚው ከሠርጉም ከማኅበሩም ይገለላል። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ብዙዎች ከዳኑ በኋላም ወደ ቀያቸው መመለስ ከበዳቸው። ሆስፒታሉን ተጠግተው ጎጆ ቀለሱ፤ ተጋቡ፤ ወለዱ።

የሚያሳዝነው፣ ፍርሃቱ ከእውቀቱ ረዝሞ መኖሩ ነው። ኖርዌያዊው ሀኪም ሀንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በስሙ የተጠራ የምርምር ተቋም እዚያው ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ውስጥ አለ። አለርት ራሱ በ1958 ዓ.ም. የማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ጨርሶ የሚያድን የተቀናጀ መድኃኒት እንዲሰጥ መክሯል። አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው በሽታውን የመከላከል አቅም አለው፤ ሕክምና የጀመረ ታማሚም ብዙ ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። የዳነ ሰው እጅ የሚያስፈራ አልነበረም ማለት ነው።

አንዱ አገር ዘፈኑን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ሌላው ግን እንዳይጠጋ ይከለከላል። የዘነበወርቅ ነዋሪዎች የተከለከሉትን ጉርብትና ከዜሮ ጀምረው ራሳቸው ገነቡት። ስለ ባህላዊ ጭፈራችን አብሮነት የሚጽፍ ሁሉ ይህን ሰፈር ሊረሳ አይገባም። የአንድ ክብ ትልቅነት የሚለካው መሀል በቆመው አውራጅ አይደለም፤ ዳር ቆሞ የሚያየውን ሰው እጁን ይዞ በማስገባቱ ነው።