ወከለ
ወከለ (ግስ)፦ በእሱ ስም እንዲሠራ ለሌላ ሰው ሥልጣን ሰጠ። ሰጪው ወካይ፣ ተቀባዩ ተወካይ ወይም ወኪል፣ ሥልጣኑ ውክልና ይባላል። የሾመ ሰው የሹመቱን ሥልጣን ይሰጣል፤ የወከለ ግን የራሱን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላና ልዩ ውክልናን ይለያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ጠቅላላ» የሚለው ስም ያታልላል። ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ነው፦ ዕዳ መክፈል፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ቤት ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ግን ልዩ ውክልና ያሻል (ቁጥር 2205)። ውጭ አገር ያለች እህት በኤምባሲ አረጋግጣ ለወንድሟ የምትልከው ወረቀት ላይ «እንዲሸጥልኝ» የሚለው ተለይቶ ካልሰፈረ፣ ቤቱ አይሸጥም።

በፖለቲካ አነጋገር ግሱ አቅጣጫውን ይገለብጣል፦ «ሕዝቡን የወከለው አባል» ሲባል ባለቤቱ ሥልጣን ተቀባዩ ነው።