ያገለገለ ጎልድ ዊንግ ለምትገዙ፦ የድሮው ወይስ አዲሱ?

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የሞተር ሳይክል ወዳጆች ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን አንዱ ይሄ ነው፦ «ያገለገለ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ልገዛ ነው፤ የስንት ዓመተ ምህረቱ ይሻለኛል?» አጭሩ መልሳችን፣ ከ2018 በፊት የተሠራውና ከዚያ ወዲህ ያለው በስም አንድ ይሁኑ እንጂ ሁለት የተለያዩ ሞተር ሳይክሎች ናቸው የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ይወስደናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሆንዳ ጎልድ ዊንግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳየው በ1974 መገባደጃ ጀርመን ኮሎኝ ላይ ነው። በ1975 ለገበያ የቀረበው ጂኤል 1000 ዛሬ መንገድ ላይ የምናየውን ግዙፍ ነገር ጨርሶ አይመስልም። የንፋስ መከላከያ የለው፣ ሻንጣ የለው፣ ሬዲዮ የለው፤ በቃ ራቁቱን ነው የመጣው። ልዩ የነበረው ሞተሩ ነው። 999 ሲሲ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ግራና ቀኝ የተጋደሙ። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በካቴና ሳይሆን በዘንግ ነው፤ ስለዚህ ካቴና መቀባትና ማጥበቅ የሚባል ጣጣ የለም። ክብደቱ ወደ መሬት እንዲቀርብ ሲባል የነዳጅ ታንኩ እንኳ ከመቀመጫው ሥር ነው የገባው። ከፊት ታንክ መስሎ የሚታየው ክዳን ነው፤ ሲከፈት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ናቸው ያሉበት።

ሰው ግን በዚህ ሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ መሄድ ሲጀምር የንፋስ መከላከያውንም ሻንጣውንም ከሌላ ቦታ እየገዛ ይገጥምበት ጀመር። ሆንዳም ነገሩ ገብቶት በ1980 ጂኤል 1100ን ሲያወጣ ኢንተርስቴት የተባለውን ዓይነት ሁሉንም ነገር ከፋብሪካው አስገጥሞ ሸጠው። ከዚያ በኋላ የነበረው ታሪክ የመጨመር ታሪክ ነው። በ1984 ሞተሩ ወደ 1182 ሲሲ አደገ። በ1988 ጂኤል 1500 ስድስት ሲሊንደርና 1520 ሲሲ ይዞ መጣ፤ ክብደቱ በእግር ተገፍቶ ወደ ኋላ የሚመለስ ስላልነበረ ሞተሪኖውን ተጠቅሞ ወደ ኋላ የሚሄድበት ሪቨርስ ተሰጠው። በ2001 የአሉሚኒየም ሻንሲና የነዳጅ ኢንጄክሽን ያለው፣ 1832 ሲሲ የሆነው ጂኤል 1800 ተከተለ። የ2006ቱ ሞዴል ላይ ደግሞ ኤርባግ መጣ። በፋብሪካ ተመርቶ ለገበያ በቀረበ ሞተር ሳይክል ላይ ኤርባግ ሲገጠም ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ከ40 ዓመት በላይ ሲጨመርበት ኖሮ በ2018 ሆንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደርነቱንና 1833 ሲሲነቱን ይዞ ከሞላ ጎደል ሌላው ሁሉ እንደ አዲስ ተሠራ። ከላይ ሻንጣ ያለው ቱር የተባለው ዓይነት በማኑዋል ማርሽ 379 ኪሎ ነው፤ ከቀዳሚው ወደ 40 ኪሎ ገደማ ቀሏል። አሁንም ከባድ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ወይም ነዳጅ ማደያ ቆሞ ሚዛኑን ሲስት በአንድ እግር ደግፎ ያቆመው ሰው ግን 40 ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ትልቁ ለውጥ የተደረገው የፊት ጎማው ላይ ነው። አሮጌው እንደ አብዛኛው ሞተር ሳይክል ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች አሉት፤ ጎማውን የሚያዞሩትም፣ የመንገዱን ንዝረት የሚውጡትም እነሱው ናቸው። ስለዚህ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ዱላው በመሪው በኩል እጃችሁ ድረስ ይመጣል፣ ፍሬን ሲያዝም አፍንጫው ይደፋል። አዲሱ ላይ ሁለቱ ሥራዎች ተለያዩ። ንዝረቱን የሚውጠው እንደ መኪና ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ክንዶች የተያዘ ሾክ አብሶርበር ነው፤ መሪው ከጎማው ጋር የሚገናኘው በሌላ ማያያዣ ብቻ ነው። ጎማው ወደ ኋላ ሳያፈገፍግ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሞተሩን ወደ ፊት ማስጠጋት ተቻለ፤ ሞተሩ ሲጠጋ ጋላቢውም ተጠጋ፤ ከፊት ያለው አካልም ጠበበ። በአጭሩ ቅለቱም፣ የመታጠፍ ቅልጥፍናውም የተገኘው ከዚህ አንድ ውሳኔ ነው ብንል ብዙ አናጋንንም።

ማርሹ ላይም ልዩነቱ ሰፊ ነው። የድሮው ጂኤል 1800 ባለ አምስት ማርሽ ማኑዋል ብቻ ነበር። አዲሱ ባለ ስድስት ማኑዋል አለው፣ ወይም ደግሞ ፍሪሲዮን የማይያዝበት ባለ ሰባት ማርሽ አውቶማቲክ። አውቶማቲኩ በእግር እርምጃ ፍጥነት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ቀስ ብሎ ይሄዳል። ዕድሜያቸው ገፍቶ ጉልበታቸው ወይም ግራ እጃቸው ለሚያስቸግራቸው ይሄ ቅንጦት አይደለም። የንፋስ መከላከያው በእጅ ሳይሆን በቁልፍ ይወጣል ይወርዳል፤ አፕል ካርፕሌይም ተካቷል።

አሁን ደግሞ የጠፋውን እንይ፤ ሻጭ የማይነግራችሁ ይሄኛውን ነው። የድሮው ሦስቱ ሻንጣዎች ተደምረው ወደ 150 ሊትር ይይዙ ነበር። የ2018ቱ ቱር 110 ሊትር ነው። ለሁለት ሰው የሳምንት ልብስ፣ የዝናብ ካፖርትና ጫማ ስትከቱበት ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል። የነዳጅ ታንኩም ከ25 ሊትር ወደ 21 ወርዷል፤ ይሄኛው ብዙም አይጎዳም፣ ምክንያቱም አዲሱ የሚጠጣውም ትንሽ ነው። ሆንዳ በሚሰጠው 5.6 ሊትር ለመቶ ኪሎ ሜትር ብናሰላው አንድ ሙሌት ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ጉዳይ ግን እውነተኛ ቅሬታ ነበር። የኋላው መደገፊያ ቀጥ ያለ ነው። ሆንዳ ራሱ በ2021 መደገፊያውን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ የላይኛውን ሻንጣ ከ50 ወደ 61 ሊትር ማሳደጉ ቅሬታው አግባብ እንደነበረ ያሳያል።

ስለዚህ የኛ አስተያየት እንዲህ ነው። ብዙውን ጊዜ ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ፣ ጠመዝማዛ መንገድ የምትወዱ ከሆነ፣ ወይም ክብደቱ የሚያሰጋችሁ ከሆነ አዲሱን ውሰዱ። ባልና ሚስት ሆናችሁ ረጅም መንገድ የምትጓዙ ከሆነ ከ2021 ወዲህ ያለውን ቱር፣ አቅም ካልፈቀደ ደግሞ በደንብ የተያዘ የድሮ ጂኤል 1800 ፈልጉ። በመሃል ያሉት የ2018 እስከ 2020 ቱሮች ለጋላቢው ጥሩ ናቸው፤ ለኋለኛዋ ግን አስቀምጣችሁ ሳትጠይቋት ቀብድ አትክፈሉ። አገር ቤት ስለማስገባት ለሚያስቡም አንድ ቃል፦ ይሄ ለአስፋልት የተሠራ፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ ሞተር ሳይክል ነው፤ ኮረኮንች አይወድም።

ዋጋው ስለሚያጓጓ ከ2001 በፊት ያሉትን የምታዩም አላችሁ። እነሱ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ታይሚንግ ቤልቱን ነው። ከጂኤል 1000 እስከ ጂኤል 1500 ያሉት በሙሉ የጎማ ቤልት ነው ያላቸው፤ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታና ሞተሩ ይበላሻል። ቤልት ደግሞ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይሞታል። «ብዙ አልተነዳም» የሚለው የሻጭ ወሬ እዚህ ላይ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ፣ ከሌለ የመቀየሪያውን ዋጋ ቀንሱ። ጂኤል 1800 ላይ ቤልት የለም፣ በካቴና ነው የሚሠራው። ባለ አራት ሲሊንደሮቹ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፦ ባትሪ የሚሞላው ስታተር ያለው ከሞተሩ ኋላ ውስጥ ስለሆነ ሲቃጠል ለመቀየር ሞተሩን ማውረድ ያስፈልጋል። የዕቃው ዋጋ ትንሽ፣ የእጁ ዋጋ ብዙ ነው።

የድሮ ጂኤል 1800 የምትገዙ ደግሞ የሪኮል ጉዳይ እንዳታልፉ። የ2001 እስከ 2010 እና የ2012 ሞዴሎች አሜሪካ ውስጥ ለፍሬን ተጠርተዋል፤ የፊትና የኋላውን የሚያገናኘው ሲስተም ላይ ያለ ክፍል የኋላ ፍሬኑን ሳይለቅ ይዞ ሊቀር ይችላል፣ ሲግል ደግሞ እሳት እስከማስነሳት ይደርሳል። ኤርባግ ያላቸው የ2006 እስከ 2010ዎቹም በታካታ ኤርባግ ምክንያት ከተጠሩት ውስጥ ናቸው። ጥገናው በነጻ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን፣ ያን ባለ 17 አሃዝና ፊደል፣ ከሻጩ ተቀብላችሁ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ያልተሠራ ሪኮል ካለ ይነግራችኋል። ሻጩ ቁጥሩን አልሰጥም ካለ ወደ ሌላው እለፉ።

ጎማውንም እግረ መንገዳችሁን እዩት። ጎኑ ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2316 ማለት በ2016 በ23ኛው ሳምንት። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዓመቱ የራቀ ጎማ ካያችሁ ሞተር ሳይክሉ ለዓመታት ቆሞ የከረመ ነውና ባትሪውን፣ የፍሬን ዘይቱንና ታንክ ውስጥ ያለውን ነዳጅም አብራችሁ ጠይቁ።