ሆያ ሆዬ በር ይፈልጋል

በየዓመቱ ጥቅምት 20 ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ የሃሎዊን ጭምብል ያጠለቁ ወጣቶች ፎቶ ብቅ ይላል። ከሥሩ የሚነሳውን ክርክር ታውቁታላችሁ፤ አንዱ «የእኛ አይደለም» ይላል፣ ሌላው «ታዲያ ምን አለበት?» ብሎ ይመልሳል። ጭምብሉ ላይ ስንጨቃጨቅ ግን የበዓሉን ዋና ነገር እንዘለዋለን። በአሜሪካ ሃሎዊን ለሕፃናት በር ማንኳኳት ነው። በር ማንኳኳት ደግሞ እኛም እናውቅበታለን።

ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ላደግነው ወንዶች ልጆች የበር ማንኳኳቱ ቀን ቡሄ ነበር። ነሐሴ 12 ሲመሽ ዱላ ይዘን እንወጣለን፤ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል፣ ዝናቡም አይምርም። አውራጁ ድምፁ ጎላ ያለና ዓይኑን በጨው ያጠበ መሆን አለበት፤ የባለቤቱን ስም፣ ሥራውን፣ ልጆቹን አውቆ ግጥሙ ውስጥ ማስገባት የእሱ ፋንታ ነው። እኛ ዱላችንን መሬት ላይ እየደቃን እንቀበላለን። ቤታችን ውስጥ የምናወራው ጉራግኛ ቢሆንም ሆያ ሆዬ ግን በአማርኛ ነው፤ ግማሹን ግጥም ትርጉሙ ሳይገባን ነበር የምንጮኸው። የሰጠ ይመረቃል። የዘገየ ደግሞ በቀልድ ይወጋል፣ እሱም ስለሚያውቅ ፈጠን ይላል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ዘለን አናልፍም ነበር። እማማ ከጓዳ ወጥተው «ዘንድሮስ ድምፃችሁ ደከመ» ብለው ካሾፉብን በኋላ ነበር ሳንቲሙን የሚሰጡን።

ሳንቲም የኋላ ነገር ነው። የቡሄ ክፍያ ሙልሙል ነው። ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 13 የምታከብረው ክርስቶስ በደብረ ታቦር ክብሩን የገለጠበትን ቀን ነው። በትውፊቱ እንደሚነገረው እረኞቹ ብርሃኑን አይተው ቀኑ የመሸ ስላልመሰላቸው እዚያው ቆዩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ችቦውና ሙልሙሉ ከዚያ መጣ ይባላል። በዓሉ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ዳቦው ቅቤም ወተትም አይነካው፤ ክርስትና ያነሳ ሰውም ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ይሰጣል።

አሁን የእንግሊዝን የድሮ ልማድ ተመልከቱ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሙታን በሚታሰቡበት ሰሞን ድሆችና ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘምራሉ፣ ለሟቾች ነፍስ ይጸልያሉ፤ በምላሹ «የነፍስ ኬክ» የሚባል ትንሽ ዳቦ ይሰጣቸዋል። ከሙልሙል በምን ይለያል? በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንዶችና ስኮትላንዶች የሃሎዊንን ልማዳቸውን ይዘው አሜሪካ ገቡ። እዚያ ሌሊቱ የጎረምሳ ጥፋት በዛበት፤ አጥር ይነቀላል፣ መስኮት ይሰበራል። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከረሜላ ሰጥቶ ማባበል እየተለመደ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲሆን ነገሩ ቀዘቀዘ፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ከተማ ዳር በተሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች እንደገና ተስፋፋ። ለምን እዚያ? ቤቶቹ በረድፍ ናቸው፣ በራቸው መንገዱን ያያል፣ የበረንዳው መብራት ከበራ «ኑ» ማለት ነው። ልማዱን የተሸከመው መንገዱ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

የጉራጌ መንደር ይህንን ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ጀፎረ የሚባለው በሣር የተሸፈነ ሰፊ የመንደር መንገድ በግራና በቀኝ ጎጆዎች ፊታቸውን ሰጥተውት የሚያልፍ ነው። ከብት ያልፍበታል፣ ሠርግ ይጨፈርበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ደመራም ይለኮስበታል። ባለቤቱ መንደሩ ነው። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገቡት ሰዎች መምጣታቸውን ገና ከሩቅ የሚያየው ጀፎረው ላይ የሚሮጥ ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጅ የትኛው ቤት እንደሚበላ ማን ይጠይቃል? አንዱ ጋ ክትፎ በቆጮ፣ ሌላው ጋ አይብና ጎመን ይቀርብለታል። ለአረፋም በሙስሊሞቹ ቤት እንደዚያው ነው። በጀፎረ ላይ በር ማንኳኳት ብሎ ነገር የለም፣ በሩ ክፍት ነዋ።

ጉብሬ ግን አሁን ሌላ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. እዚህ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ መሬት ዋጋ አወጣ፤ የቆርቆሮ አጥር፣ የብረት በር፣ ባለ ብዙ ክፍል የኪራይ ግቢ መጣ። እድገቱን አልጠላውም፤ ኪራዩ ብዙ ቤት አቁሟል። ነገር ግን ብረት በር ላይ ሆያ ሆዬ መጨፈር ከባድ ነው። የባለቤቱን ስም አታውቀውም፣ ስሙን ካላወቅህ አውራጁ ምን ይላል? አንዳንዱም በቀዳዳ ብር አሾልኮ ይመለሳል፤ ፊቱን ሳታይ የምን ምርቃት ነው?

ልጆቹ ግን መላ አያጡም። የኪራይ ግቢ ከተከፈተላቸው መሃል ላይ ይቆሙና በዙሪያው ላሉት ክፍሎች ሁሉ አንዴ ይጨፍራሉ። ተከራዮቹ በየደጃፋቸው ብቅ ይላሉ፣ አንዷ ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች። ጨፍረው ሲጨርሱ ክርክሩ ይጀመራል፤ አውራጁ «አሥር በር ነው፣ አሥር ጊዜ ይከፈል» ይላል፣ የግቢው አከራይ ደግሞ «አንድ ግቢ አንድ ቤት ነው» ብላ አንድ ድፎ ዳቦ ይዛ ትወጣለች።