የቆሎ ተማሪና የእንግሊዝ አገር ተለማማጅ፤ በቀድሞ ዘመን ስለ ነበረው የልጆች ሥራና ትምህርት

በቀድሞ ዘመን በብዙ አገሮች የልጅ ሥራና የልጅ ትምህርት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም፤ ልጅ ሙያን የሚቀስመው ለመምህሩ እየሠራ ነበርና። ስለዚህ መመርመር የሚገባው ልጁ ይሠራ እንደ ነበረ ሳይሆን፣ የሥራውን ወሰን ማን ይወስን እንደ ነበረ ነው። ለዚህም የአገራችንን የቆሎ ተማሪ ከእንግሊዝ አገር የእጅ ሥራ ተለማማጅ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል።

በእንግሊዝ አገር በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1563 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ ቢያንስ 7 ዓመት በተለማማጅነት ያላገለገለ ሰው በዚያን ጊዜ በታወቁት የእጅ ሥራዎች እንዳይሠማራ ከለከለ። ልጁ ለጌታው የሚገባው በጽሑፍ ውል ነበር፤ ጌታው ምግብ፣ ማደሪያና ሙያ ሊሰጥ፣ ልጁም ሊታዘዝና የጌታውን ምሥጢር ሊጠብቅ ይዋዋላሉ። በ1601 ዓ.ም. የወጣው የድኾች ሕግ ደግሞ የአጥቢያ ሹማምንት የድኻ ልጆችን ለጌታ እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ወንዱ እስከ 24 ዓመቱ፣ ሴቲቱ እስከ 21 ዓመቷ ወይም እስክታገባ ድረስ ያገለግሉ ነበር። በ1766 ዓ.ም. በወጣውም ሕግ ኰብልሎ የተያዘ ተለማማጅ የጠፋበትን ጊዜ ያህል እንዲያገለግል ተደነገገ። የ7 ዓመቱ ግዴታ የተሻረው በ1814 ዓ.ም. ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኰፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ቤት ይወጣ ነበር። ቅኔ ፈላጊው ወደ ጎጃም ዋሸራ፣ ድጓ ፈላጊው ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፈላጊውም ወደ ዙር አባ ይሄዳል። ለየኔታ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ ነገር ግን ተማሪው እንጨት ይሰብራል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በክረምት እርሻ ያርማል፣ ምግቡንም በመንደር እየለመነ ያገኛል። ቁም ጽሕፈት የሚማረውም መጻፍ ሳይፈቀድለት አስቀድሞ ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥንና የመቃ ብርዕ መቅረጽን ይለማመዳል።

በዚህ ሥርዓት የተጻፈ ውልም ሆነ የተቈረጠ ዘመን አልነበረም። የትምህርቱ ፍጻሜ ዕውቀቱ ሲመሰከርለት ነው። መምህሩ ያላረካው ተማሪ አኰፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ቢሄድ የሚያሳድደው ዳኛ የለም። የመምህር ዝና በተማሪዎቹ ብዛት የሚለካ ስለ ሆነ፣ ይህ የመሄድ መብት ለልጁ እንደ ዋስ ይቈጠራል።

ይሁን እንጂ ዋጋ ነበረው። ልጁን የመመገብ ግዴታ ያለበት ሰው አልነበረም፤ ኑሮው በመንደሩ ምጽዋት ላይ የቆመ ነው። እንደ አገራችን አቈጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. እንደ ደረሰው ያለ ክፉ ቀን ሲመጣና መንደሩ ራሱ ሲራብ፣ የምጽዋቱ ደጅ አስቀድሞ የሚዘጋው በዚህ ልጅ ፊት እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ደግሞም መንገዱ ክፍት የነበረው ለወንዶች ልጆች ነው፤ ሴት ልጅ በአብዛኛው በእናቷ አጠገብ መፍተልንና መፍጨትን እየተማረች ትቀር ነበር።

እንግዲህ የእንግሊዙ ውል ለልጁ እንጀራውን ሲያረጋግጥለት የመሄድ መብቱን ወሰደበት፤ የእኛ ልማድ ግን የመሄድ መብቱን ሲተውለት እንጀራውን አላረጋገጠለትም። የልጆችን ሥራ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንዱን ጭካኔ፣ ሌላውን ቸርነት ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ ልጁን የመመገብ ግዴታ የማን እንደ ነበረና ልጁ ትቶ መሄድ ይችል እንደ ነበረ አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል።