ደብተሬን ማን ያርምልኛል?

ሰሞኑን ደሴ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ማስተርሴን በኦንላይን ልጀምር ነው፤ ያዋጣኛል ወይስ ብሬን መጣል ነው?» ሥራ አላት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ለክፍያው ያሰበችው ደግሞ የዕቁብ ብሯን ነው። እኔም የታሪክ መምህር አይደለሁ? አመሌ ሆኖ መልሱን ከሩቅ ጀመርኩላት። ሌላም የሚያመነታ ካለ ብዬ እዚህም ላሰፍረው።

ነገሩ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዝ አገር ውስጥ በአንድ ፔኒ ደብዳቤ ወደ የትኛውም ጥግ መላክ ተጀመረ። አይዛክ ፒትማን የሚባል መምህር በዚህ ርካሽ ፖስታ ተጠቅሞ፣ ራሱ የፈጠረውን የአጭር ጽሕፈት ዘዴ በደብዳቤ ያስተምር ጀመር። ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተመረጠ ክፍል በአጭር ጽሕፈት ጽፈው ይልኩለታል፤ እሱ አርሞ ይመልስላቸዋል።

እስቲ እዚህች ላይ ቆም እንበል። ጽሑፍ ማድረሱማ ምን ይከብዳል? መጽሐፉን ገዝቶ ቤት ማንበብ ይቻል ነበር። ሰዉ የፈለገው ያቺን ታርማ የምትመለስ ወረቀት ነው።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 ሌላ መንገድ ከፈተ። የትም ተማር፣ እንዴትም ተማር፣ ብቻ ፈተናውን እለፍ አለ። ለጽኑ ሰው ትልቅ በር ነው። ኔልሰን ማንዴላ እስር ቤት ሆነው ሕግ ሊማሩ የተመዘገቡት በዚሁ ነበር። ዲግሪውን ግን ያገኙት በ1989፣ ያውም ከደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ (አቃቂ ማዕከሉን የምናውቀው) ነው። የታሰሩት በ1962 ነው፤ እናንተው ቁጠሩት። በመሃል እስር ቤቱ የመማር ፈቃዳቸውን ለዓመታት ነጥቋቸዋል። ማንዴላን እየጠቀሰ «እርስዎም ይችላሉ» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ትንሽ የምናደደው ለዚህ ነው።

የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል ሰው ያወራ የነበረው በቢቢሲ ስለሚተላለፈው ትምህርት ነበር። ሥራውን የሠሩት ግን በየአካባቢው የተመደቡት አስጠኚዎች ናቸው። የቤት ሥራ ያርማሉ፣ ተማሪውን ያገኙታል፣ የት እንደተቸገረ ያውቃሉ። በክረምትም ተማሪው ተሰብስቦ ፊት ለፊት ይማር ነበር።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ እንምጣ። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በ2012 ኤድኤክስን በነፃ ከፈቱ። በመጀመሪያው ዓመት በ17 ኮርሶች 841,687 ምዝገባ ተካሄደ፤ የምስክር ወረቀት የተገኘው በ43,196ቱ ብቻ ነው፣ 5 በመቶ ገደማ። እርግጥ ብዙው ሰው ገባ ብሎ ለማየት ብቻ ነው የተመዘገበው፤ ሁሉም ወድቋል ማለት አይደለም። ቢሆንም ቪዲዮው የዓለም ምርጥ መምህራን ሆኖ ሳለ የአብዛኛውን ሰው ደብተር የሚያይ መምህር አልነበረም።

የእኔ ተማሪዎች ደግሞ ፕላዝማን አትረሱትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ መምህሩ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስለት ያልፋል። አቁምልኝ አይባል፣ ድገምልኝ አይባል። መብራት ከሄደማ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ፊታችሁን አይ ነበር። ማን እንዳልገባው ይታወቀኛል፤ እሱ ግን አያያችሁም።

እናም ለልጅቷ እንዲህ አልኳት፦ ኢንተርኔትሽ ይፈጥናል ወይ ብለሽ አትጀምሪ፤ እሱ በኋላ የሚታይ ነው። መጀመሪያ ለተቋሙ ደውይና «የቤት ሥራዬን የሚያርመው ማነው? በስንት ቀን ይመለስልኛል? ስለ ጥናታዊ ጽሑፌ የማነጋግረው ሰው ስም አለው?» በያቸው። ቀጥሎ ራስሽን ጠይቂ፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚቀርሽ ሰዓት ስንት ነው? ስንት እንዲሆን ትመኛለሽ አላልኩም፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር?

ሁለተኛውን እዚያው መለሰችልኝ፤ በሳምንት 6 ሰዓት። ትንሽ ነው፣ ግን ሐቀኛ ቁጥር ስለሆነ ደስ አለኝ፤ ኮርሶቹን ቀንሳ ከወሰደች ይሆናል። ለመጀመሪያው ትናንት ደወለች። «እሱ ትምህርቱ ሲጀመር ይነገርሻል፤ ክፍያው ግን እስከ ዓርብ ነው» አሏት።

አልከፈለችም። ሌላ ቦታ እየጠየቀች ነው።